ኪም ትሞታለች ብላችሁ ለነበራችሁ ሁሉ

መጀመሪያ ላስጠንቅቅ። ኪም ያለችበትን "ቤተር ኮል ሶል" የሚባለውን ተከታታይ ድራማ እስከ መጨረሻው ያላየ ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ እዚሁ ላይ ይተወው። 63 ክፍል ነው። አይቶ ይመለስ። መጨረሻውን ሳልነካ የምለውን ማለት አልችልም።

ያያችሁት ግን ተቀመጡ። ይህን ነገር በሆዴ ከያዝኩት ቆይቷል።

ለመንደርደሪያ ያህል በአጭሩ፦ "ብሬኪንግ ባድ" ከ2008 እስከ 2013 የታየ ተከታታይ ድራማ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ካንሰር እንደያዘው ሲነገረው ሜት የሚባለውን ዕፅ ማብሰል የጀመረ የኬሚስትሪ አስተማሪ ታሪክ ነው። ቦታው አልበከርኪ፣ ኒው ሜክሲኮ። እዚያ ውስጥ ሶል ጉድማን የሚባል ጠበቃ አለ። ሱፉ ያብለጨልጫል፣ አፉ አያርፍም፣ ወንጀለኛ ሁሉ የሚሄደው እሱ ጋ ነው። ድራማው ሲያልቅ ቪንስ ጊሊጋንና ፒተር ጉልድ ይህን ሰውዬ ይዘው ወደ ኋላ ተመለሱ። ሶል ከመሆኑ በፊት ማን ነበር? ጂሚ መጊል የሚባል፣ ታላቅ ወንድሙን ለማኩራት የሚፍጨረጨር ምስኪን ጠበቃ ነበር። "ቤተር ኮል ሶል" በ2015 ጀመረና በ2022 አለቀ።

የእንዲህ ዓይነት ቀዳሚ ታሪክ ችግሩ ግልጽ ነው። ማን እንደሚተርፍ ቀድመን እናውቃለን። የቀድሞው ፖሊስ ማይክ አይሞትም፤ ገና ብሬኪንግ ባድ ውስጥ ያስፈልጋል። የዕፅ ነጋዴው ጋስ ፍሪንግም እንደዚያው። ሶልም። ስለዚህ የተመልካቹ ጭንቀት በሙሉ የወደቀው በኋለኛው ድራማ ውስጥ በሌሉት ሰዎች ላይ ነው። ከእነሱ ሁሉ ደግሞ በኪም ዌክስለር ላይ።

ኪም የጂሚ የሥራ ባልደረባ ነበረች፣ ከዚያ ፍቅረኛው፣ ከዚያ ሚስቱ። ሬይ ሲሆርን ነች የተጫወተቻት። ፀጉሯን ጎትታ ወደ ኋላ የምታስር፣ ቃሏን የምትመጥን፣ ሌሊቱን ፋይል ስታገላብጥ የምታነጋ ሴት። ብሬኪንግ ባድ ውስጥ ስሟ አንድ ጊዜ እንኳ አይነሳም። ሰዉ ታዲያ ከዚህ ተነስቶ ደመደመ። የለችም ማለት ሞታለች ማለት ነው ተባለ።

ሲዝን 5 ያለቀው በኤፕሪል 2020 ነው። መጨረሻው ትዕይንት ላይ ኪም የቀድሞ አለቃቸውን ሃዋርድ ሃምሊንን ስሙን አጥፍተን ጉድ እንስራው ትላለች። ጂሚ ይደነግጣል። ይህን ማድረግ አትችይም፣ አንቺ እንዲህ አይደለሽም ይላታል። እሷ ዞር ትልና ጣቶቿን እንደ ሽጉጥ ቀስራ ትደግንበታለች። አለቀ። ከዚያ ኮሮና መጣ። በጁላይ 2021 ደግሞ ጂሚን የሚጫወተው ቦብ ኦደንከርክ ቀረጻ ላይ እያለ የልብ ድካም ገጥሞት ወደቀ። ተርፎ ተመለሰ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሲዝን 6 የጀመረው ኤፕሪል 18፣ 2022 ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ! በዚያ ሁለት ዓመት ያልተወራ ግምት የለም።

የዕፅ ቡድኑ ሰው ላሎ ይገድላታል የሚሉ ነበሩ። ጋስ ነው የሚያስገድላት የሚሉም ነበሩ። ሰው የሚሰውረው የቫኪዩም ክሊነር ጠጋኝ ስሟን ቀይሮ ሸሽጓታል የሚሉ ነበሩ። ብሬኪንግ ባድ ሁሉ ሲካሄድ ማታ ማታ ሶል የሚመለሰው እሷ ጋ ነው፣ እኛ ግን ስላላሳዩን ነው የሚሉም ነበሩ። ይቺን የመጨረሻዋን ለጥቂት ሳምንት እኔም ወድጃት ነበር። ከሁሉ ጎልቶ የወጣው ግን ሞት ነው።

ወንድሜ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። ሰኞ ማታ እሱ ያያል፣ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ማክሰኞ ማታ። ስምምነታችን እኔ እስካይ ድረስ አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ ነበር፤ ጠበቀልኝም። ከዚያ የድምፅ መልእክት ይጀመራል፤ አንዳንዱ አሥር ደቂቃ የሚሄድ። እሱ ቃሉ አንድ ነው፦ "ትሞታለች፣ ሌላ መንገድ የለም። እሷ ካልሞተች ጂሚ ሶል አይሆንም።"

እኔን ያናደደኝ ትሞታለች መባሉ አይደለም። በዚህ ድራማ ማንም ሊሞት ይችላል። ያናደደኝ ምክንያቱ ነው። እሷ ካልሞተች ጂሚ ሶል አይሆንም የሚለው። በዚህ ግምት ውስጥ ኪም ሰው አይደለችም፤ ጂሚን የምትለውጥ ማብሪያ ማጥፊያ ነች። ሞታ እሱን ልታከፋው፣ እሱም ከፍቶ ታሪኩን ሊቀጥል። ስንት የወንጀል ድራማ አይተናል እንዲህ ያለ? ሚስት ትገደላለች፣ ባል ይበቀላል። ፍቅረኛ ትሞታለች፣ ሰውዬው ጢሙን ያሳድጋል። ሰዉ ይህን ለምዶ አምስት ሲዝን ሙሉ ዓይኑ ሥር የነበረችውን ሴት ሳያያት ቀረ።

ዓይኑን ከፍቶ ላየ ሰው ነገሩ ቀደም ብሎ ይታይ ነበር። ሲዝን 2 መጀመሪያ ላይ ሁለቱ መጠጥ ቤት አንድ ትምክህተኛ ነጋዴ ያታልሉና ዛፊሮ አኜሆ የሚባል ውድ ተኪላ በሰውዬው ሂሳብ ይጠጣሉ። ኪም የጠርሙሱን ክዳን ታስቀምጠዋለች። እንደ ማስታወሻ። ያንን ክዳን በእጇ ስታገላብጥ ፊቷን አይታችሁታል? ፈርታ የምትከተል ሴት ፊት አይደለም። ደስ ብሏታል። እኔ ለወንድሜ ያኔ ያልኩት ይህን ነው፦ የሷን መጨረሻ ማወቅ የፈለገ የጠላቶቿን ዝርዝር ይተውና እሷን ራሷን ይይ።

በእርግጥ ሰው ፍንጭ ሲለቅም በከንቱ አልነበረም። ድራማውን የሚጽፉት ሰዎች ራሳቸው አስለምደውታል። ብሬኪንግ ባድ ሲዝን 2 ላይ የአራት ክፍሎች ርዕስ ሲገጣጠም ቦይንግ 737 አልበከርኪ ላይ እንደሚወድቅ ይናገር ነበር። በ2016 ደግሞ ተመልካቾች የቤተር ኮል ሶልን ሲዝን 2 አሥር ርዕሶች ወስደው የመጀመሪያ ፊደላቸውን ሲያቀያይሩት "ፍሪንግ ተመልሷል" የሚል ወጣላቸው። ገና ፊቱ ሳይታይ! በ2017 ሲዝን 3 ላይ ጋስ ፍሪንግ መጥረጊያ ይዞ የዶሮ ምግብ ቤቱን ወለል ሲጠርግ አየነው። እንዲህ ዓይነት ነገር አንዴ ካገኘህ በኋላ እያንዳንዱን የመኪና ቀለም፣ እያንዳንዱን ክራባት መጠርጠርህ አይቀርም። አልፈርድም። ቀይና ቢጫ ወንጀል ነው፣ ሰማያዊ ሕግ ነው እያሉ የኪምን ቀሚስ ሲከታተሉ የነበሩትን በደስታ አነባቸው ነበር።

ግን ፊደል መፍታትና ሰው ማንበብ ይለያያል። ለዚህ ደግሞ ደራሲዎቹ ራሳቸው ምስክር ናቸው። በ2009 ሶል ለመጀመሪያ ጊዜ ብሬኪንግ ባድ ላይ ሲመጣ፣ አስተማሪው ዋልተርና አጋሩ ጄሲ ፊታቸውን ሸፍነው በረሃ ይወስዱትና ጉድጓድ አጠገብ ያንበረክኩታል። እሱም በድንጋጤ እኔ አይደለሁም፣ ኢግናሲዮ ነው ይላል። ቀጥሎ ላሎ አይደለም የላካችሁ? ብሎ ይጠይቃል። በቃ። ሁለት ስም። ያንን ክፍል የጻፈው ፒተር ጉልድ ነው፤ ያኔ እነዚህ ሰዎች እነማን እንደሆኑ እሱም አያውቅም። ዓመታት አልፈው ራሱ ለጻፈው ጥያቄ ራሱ መልስ መስጠት ነበረበት። ኢግናሲዮ በቤተር ኮል ሶል ውስጥ ናቾ የሚባለው ሰው ሆነ። ላሎ ደግሞ በ2018፣ በሲዝን 4 መገባደጃ ላይ፣ ምግብ እያበሰለ ፈገግ ብሎ ገባ።

የኔ ተወዳጅ መላምት ያለው እዚህ ላይ ነው። ላሎ ሞቶ ተቀብሯል፤ ታዲያ ሶል ከዓመታት በኋላ በረሃ ውስጥ ለምን ላሎን ይጠራል? አንዳንዱ የአጻጻፍ ስህተት ነው አለ። እኔ አልቀበልም። እስኪ በጂሚ ቦታ ሁኑ። ሲዝን 5 ላይ ማይክ ላሎ በዚያች ሌሊት እንደሚያልቅለት ነግሮታል። አላለቀለትም። በሲዝን 6 አንድ ማታ፣ ጂሚና ኪም ቤታቸው ተቀምጠው ሻማው ነበልባሉ ትንሽ ዘንበል ይላል። ሌላ ምንም የለም። ሻማው ብቻ። በሩ ተከፍቶ ነፋስ ገብቷል ማለት ነው። ሃዋርድ ነው የመጣው፤ ያደረጉትን ሁሉ አውቆባቸው፣ ተዋርዶ፣ ሰክሮ ሊወቅሳቸው። ትንሽ ቆይቶ ሻማው እንደገና ዘንበል ይላል። ላሎ ቆሟል። ሃዋርድ ማን እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ ጭንቅላቱን በጥይት ተመታ፣ ወደቀ። ይህን ያየ ሰው፣ ላሎ ሞቷል ብትሉት በሕይወቱ ሙሉ ያምናችኋል? ሬሳውን አላየም። እኔ ብሆን ነፋስ በነፈሰ ቁጥር በሩን ዞሬ አያለሁ። የበረሃው ጩኸት ከዚህ ነው የመጣው። በ2009 ለቀልድ ያህል የተወረወረ ስም አሁን ተመልሳችሁ ስታዩት ያስፈራል።

ሃዋርድንና ላሎን የቀበሯቸው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጋስ ከመሬት በታች እያስቆፈረው በነበረው ላብራቶሪ ሥር። ዋልተርና ጄሲ በኋላ ሙሉ ሲዝን የሚያበስሉበት፣ የሚጣሉበት፣ ዝንብ የሚያባርሩበት ያ ቀይ ወለል ማለት ነው። ሃዋርድ ምንም አልበደለም። ፀጉሩን አበጥሮ፣ ክራባቱን አሳምሮ የሚኖር፣ ትዳሩ የቀዘቀዘበት ሰው ነበር። ብሬኪንግ ባድን ከዚህ በኋላ ደግሜ ሳይ እነዚያን ትዕይንቶች እንደ በፊቱ ማየት አልቻልኩም። ከመሬቱ ሥር ማን እንዳለ አውቃለሁ።

እና ኪም? ሄደች። በእግሯ ሄደች።

የጥብቅና ፈቃዷን መለሰች፣ ሻንጣዋን ሸከፈች፣ ጂሚ እወድሻለሁ ሲላት እኔም እወድሃለሁ፣ ግን ምን ይሆናል አለችው። አንድ ነገርም ተናዘዘች። ላሎ እንዳልሞተ ቀድማ ታውቅ ነበር። ማይክ ነግሯታል። ለጂሚ ያልነገረችው ከነገረችው ሊጠብቃት ብሎ እንደሚለያት ስለገባት ነው። መለያየት ያልፈለገችው ደግሞ እየተዝናናች ስለነበር። ይህን ቃል ስትናገር ድምፅዋ ይሰበራል። በ2022 ከሰማሁት ሁሉ ያንን ዓረፍተ ነገር ያህል የነካኝ የለም። ያቺ የተኪላ ክዳን የነገረችን ይህንኑ ነበር። ሃዋርድን የገደለው ላሎ ነው፤ ሃዋርድን ወደዚያ ቤት ያመጣው ግን የሁለቱ መዝናናት ነው። ኪም ይህን ከማንም በፊት አየችው። የቀረ ሕይወቷን በዚያ ፈረደችበት።

ወንድሜ በዚያ ሳምንት የላከው መልእክት አጭር ነበር። "ከሞቷ ይብሳል" ብቻ።

ከዓመታት በኋላ ፍሎሪዳ ውስጥ ታይተስቪል የምትባል ከተማ እናገኛታለን። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ፀጉሯ ጠቁሯል። የሣር ማጠጫ ቱቦ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። አብሯት የሚኖረው ሰውዬ ስለ ድንች ሰላጣና ስለ ማዮኔዝ ሲያወራት እንኳ ቁርጥ ያለ ሐሳብ አትሰጥም። ያቺ ፍርድ ቤት ቆማ ዳኛ የምታሳምን ሴት! አንድ ጊዜ ምርጫዋ ሰው አስገድሏል፤ ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር አትመርጥም። ይህን ማንም ግምት ላይ አላየሁትም። ከዚያ ወደ አልበከርኪ ተመልሳ ለሃዋርድ ሚስት እውነቱን በጽሑፍ ሰጠቻት። ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብላ መጀመሪያ ፊቷ ይንቀጠቀጣል፣ ትይዘዋለች፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ይፈነዳል። ካሜራው ዞር አይልም። አጠገቧ ያለች የማታውቃት ሴት እጇን ክንዷ ላይ ታሳርፋለች። እኛ አገር ለቅሶ ቤት የሚደረገው ያው ነው፤ ምንም አይባልም፣ እጅ ብቻ ነው።

ድራማው ራሱ 53 ጊዜ ለኤሚ የቴሌቪዥን ሽልማት ታጭቶ አንድም አልወሰደም። ለዚያች አውቶቡስ ትዕይንት ብቻ ሬይ ሲሆርን አንድ ሊሰጣት ይገባ ነበር። ይህ አሁንም ያበሳጨኛል።

ስለ ቻክም ሳልናገር አላልፍም፤ እስከ ዛሬ ሰው የሚጣላበት ጉዳይ ነውና። ቻክ የጂሚ ታላቅ ወንድም፣ የተከበረ ጠበቃ፣ ኤሌክትሪክ ያመኛል ብሎ ቤቱን በፋኖስ የሚያበራ ሰው። ቻክ ትክክል ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው። ጂሚ ጠበቃ ከሆነ ጦጣ መትረየስ እንደያዘ ነው ብሎ ነበርና፣ ይኸው ሶል ሆነ ይላሉ። እኔ ታላቅ ወንድም ስላለኝ ይሁን አላውቅም፣ ይህ ክርክር ያመኛል። ቻክ ስለ ጂሚ ያየው ልክ ነው። ግን ያየውን ነገር ራሱም እየፈጠረው ነበር። ጂሚ በተልእኮ ትምህርት ተምሮ ፈተናውን አልፎ በደስታ ሲመጣ፣ ፊት ለፊት እንኳን ደስ አለህ ብሎ ከኋላ በሃዋርድ ስም በር የዘጋበት ማነው? ወንድምህ ሌባ ነው እያልክ በሩን ከዘጋህበት በመስኮት ሲገባ መገረም የለብህም።

የመጨረሻው ክፍል ኦገስት 15፣ 2022 ወጣ። ሶል ኦማሃ ውስጥ ተሸሽጎ ሲናቦን ኬክ ሲጋግር ከርሞ በመጨረሻ ይያዛል። እሱ ደግሞ እሱ ነውና ከመንግሥት ጠበቆች ጋር ተደራድሮ ሊመጣበት ከነበረው ዕድሜ ልክ ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ያወርደዋል፤ በየሳምንቱ አይስክሬም ጭምር ጨምሮበት። ከዚያ ኪም መናዘዟን ሰማ። ፍርድ ቤት እሷ ባለችበት ተነስቶ ድርድሩን ራሱ አፈረሰው። የሠራውን ተናገረ፤ የቻክንም ነገር ጨምሮ። ስሜ መጊል ነው አለ። 86 ዓመት ተፈረደበት።

እዚህ ላይ ሰው ለሁለት ተከፈለ። ሞኝ ነው ያሉ አሉ። ኪም ፊት ለመታየት ብሎ ያደረገው ሌላ ትርኢት ነው ያሉም አሉ። ሁለተኛው ውስጥ ትንሽ እውነት አለ፤ ለሷ ብሎ ነው፣ ፊቷን ነው የሚያየው። ታዲያ ምን አለበት? ሰው እውነት መናገር የሚጀምረው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው እየሰማው ስለሆነ ነው።

አሁን ደግሞ አዲስ ግምት መጥቷል፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው። ኪም ታስፈታዋለች የሚል። መነሻ አለው። ፍሎሪዳ ውስጥ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ቢሮ ሄዳ በበጎ ፈቃድ ልትሠራ ጠይቃለች። እስር ቤት ልትጠይቀው የገባችውም በድሮው የኒው ሜክሲኮ የጠበቃ መታወቂያዋ ነው፤ የማብቂያ ቀን የለውም። ከዚህ ተነስተው ይግባኝ ትጠይቃለች፣ 86ቱን ታስቀንሳለች ይላሉ።

ደስ የሚል ምኞት ነው። ግን ልክ እንደ ቀድሞው ግምት ኪምን ወደ መሣሪያነት ይመልሳታል። ያኔ ለእሱ ብላ ትሙት ተባለች፣ አሁን ለእሱ ብላ ትሥራ ልትባል ነው። ወደዚያ የሕግ ቢሮ ስትሄድ ጂሚ በልቧም የነበረ አይመስለኝም። ስልክ የምታነሳበት፣ ፋይል የምታስተካክልበት ትንሽ ወንበር ነው የፈለገችው። ምርጫ መምረጥ ጀመረች። ለዓመታት ማዮኔዝ እንኳ ያልመረጠች ሴት!

እስቲ ያንን የእስር ቤት ክፍል ደግማችሁ እዩት። ግድግዳውን ተደግፈው አንድ ሲጋራ ለሁለት ያጨሳሉ፤ በመጀመሪያው ክፍል ምድር ቤት መኪና ማቆሚያው ውስጥ እንዳደረጉት። ሁሉ ነገር ጥቁርና ነጭ ነው። ነበልባሏ ብቻ ቀለም አላት። ብዙ አያወሩም። ወደ ሰባት አውርደኸው ነበር ትለዋለች። እሱም 86 ይላታል፤ ጥሩ ከሆንኩ ማን ያውቃል ይላል። ከዚያ ትወጣለች። እሱ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ጣቶቹን እንደ ሽጉጥ ቀስሮ ያሳያታል፤ እሷ ዞራ ታየዋለች፣ ትራመዳለች፣ ግድግዳው ይጋርደዋል።